ለሥራ ዶሃ ልትሄዱ ነው? መጀመሪያ መውጫችሁን አዘጋጁ

ዶሃ ሌባ የምትፈሩባት ከተማ አይደለችም። ማታ 5 ሰዓት ላይ ኮርኒሽ የሚባለውን የባሕር ዳር መንገድ ተከትላችሁ ብቻችሁን ብትሄዱ፣ ስልካችሁን ካፌ ጠረጴዛ ላይ ረስታችሁ ብትነሱ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አትሆኑም። ሰው የሚዘናጋውም በዚሁ ነው። ኪሱን መጠበቅ ሲተው ሌላውንም ነገር መጠበቅ ይተዋል። ዶሃ ለንግድ ሄዶ ጣጣ ውስጥ የገባ ሰው ስታገኙ ታሪኩን ጠይቁት። ያልገባውን ወረቀት ፈርሞ ነው፣ የሰው ዕቃ ተሸክሞ ነው፣ ወይም ሰማዩ ለበረራ ሲዘጋ መውጫ አጥቶ ነው።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ከዚህ ጀምሩት፦ ነገር ከተበላሸ በምን እወጣለሁ? እስክወጣስ በምን እቆያለሁ?

አንድ ገጽ ወረቀት

ዕቅድ ሲባል ትልቅ ሰነድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ገጽ ይበቃል። ሁለት ኮፒ አድርጉት፤ አንዱ እናንተ ጋ፣ አንዱ አገር ቤት ከሚቀር ሰው ጋ ይሁን። ያ ሰው የትዳር ጓደኛ፣ ወንድም ወይም የሥራ ሸሪክ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ሌሊት ስልክ የሚያነሳና ሲደነግጥ የማይንጫጫ መሆኑ ነው።

ወረቀቱ ላይ የበረራ ቁጥራችሁን፣ የሆቴሉን ስምና ስልክ፣ የጋበዛችሁን ድርጅት ሙሉ ስም፣ የምታገኙትን ሰው ስልክ፣ ዶሃ ያለውን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ስልክ፣ የኢንሹራንስ ቁጥር፣ የደም ዓይነታችሁንና የምትወስዱትን መድኃኒት ጻፉ። የፓስፖርትና የቪዛ ኮፒ አያይዙ። 999ንም ጻፉት፤ ፖሊስም፣ አምቡላንስም፣ እሳት አደጋም በዚሁ ቁጥር ነው የሚገኙት። ስልኬ ላይ አለኝ አትበሉ። ስልክ ባትሪ ይጨርሳል፣ ይጠፋል፣ አንዳንዴም ከእጃችሁ ይወሰዳል።

ቀጥሎ ብዙ ሰው የሚረሳውን አንድ መስመር ጨምሩ፦ በየቀኑ በስንት ሰዓት መልእክት እንደምትልኩ። ማታ 3 ሰዓት እንበል። የዶሃና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ስለሆነ ግራ አያጋባም። ከቀጠሮው በኋላ መልእክቱ ሳይመጣ ሁለት ሰዓት ያህል ከቆየ ያ ሰው መጀመሪያ ሆቴሉ ይደውላል፣ ቀጥሎ ለጋባዡ፣ ከዚያ ለኤምባሲው። ቅደም ተከተሉ ካልተጻፈ ሰው ሲጨንቀው ፌስቡክ ላይ «ወንድማችን ዶሃ ጠፋብን» ብሎ ከነፎቶው ይለጥፋል፤ እናንተ ደግሞ ምናልባት ስብሰባ ረዝሞባችሁ ነው፣ ወይም በጸጥታ ሊፈታ የሚችል ጉዳይ ላይ ናችሁ።

የሰዓት ነገር ከተነሳ፣ ከዶሃ ሰዎች ጋር ስትቀጣጠሩ በ24 ሰዓት አጻጻፍ ተጠቀሙ። እኛ 4 ሰዓት የምንለው ለእነሱ 10፡00 ነው። የሥራ ሳምንቱም ከእሑድ እስከ ሐሙስ ነው። ዓርብ የገጠመ ችግር ብዙ ቢሮ እሑድ እስኪከፈት ይጠብቃል፤ በተለይ ገንዘብና ሰነድ ያለበት ነገር ሐሙስ ከሰዓት ላይ አትጀምሩ።

ሻንጣ

ሻንጣችሁን ራሳችሁ እሰሩ። ይህን የምለው ይሉኝታ ስላለብን ነው። ልትሄዱ መሆኑ ሲሰማ አንዱ ይመጣና «ይህቺን በርበሬ ለእህቴ አድርስልኝ፣ አየር ማረፊያ መጥታ ትቀበልሃለች» ይላል። ሰውየውን ታውቁት ይሆናል፤ ዕቃውን ለእሱ የሰጠውን ሰው ግን አታውቁትም። ጫት ኳታር ውስጥ ሕገ ወጥ ነው፣ የሚታየውም እንደ አደንዛዥ ዕፅ ነው። እንደ ቅጠል ይሁን ደርቆ ተፈጭቶ ይሁን ለውጥ የለውም። ሻንጣችሁ ውስጥ ከተገኘ ባለቤቱ እናንተ ናችሁ፤ «የሰው ነው» የሚለው ቃል እዚያ አያወጣም። ለዘመድም ቢሆን እምቢ በሉ። ከባድ ከሆነባችሁ ኪሎዬ ሞልቷል በሉ።

መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ትራማዶል፣ ኮዴይን ያለበት የሕመም ማስታገሻ ወይም ሳል ሽሮፕ፣ ዲያዜፓም፣ ፕሪጋባሊን፣ እነዚህ ሁሉ ቁጥጥር ያለባቸው ናቸው። የምትወስዱት ካለ ከሐኪም የተሰጠ፣ ስማችሁ ፓስፖርታችሁ ላይ እንዳለው የተጻፈበትና ማኅተም ያለው ማዘዣ ይኑራችሁ። መድኃኒቱም በራሱ ፓኬት ይሁን። በፌስታል የተቋጠረ ኪኒን ይዛችሁ አትግቡ። የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ፣ አልኮልና የአሳማ ሥጋ ውጤትም ይዞ መግባት አይቻልም።

ጥሬ ገንዘብ፣ ወርቅና ሌላ ውድ ማዕድን በድምሩ ከ50,000 የኳታር ሪያል ከበለጠ፣ ማለትም ከ13,700 ዶላር ገደማ፣ ስትገቡም ስትወጡም ለጉምሩክ ማሳወቅ ግዴታ ነው። ማሳወቅ አያስከፍልም። መደበቅ ነው የሚያስከፍለው።

ከ2015 ጀምሮ ጎብኚ ሁሉ የጤና ኢንሹራንስ እንዲኖረው ይጠየቃል፤ ለአንድ ወር 50 ሪያል ነው። እሱ የሚሸፍነው ድንገተኛ ሕመምንና አደጋን ብቻ ስለሆነ የልብ ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ሌላ ሰፋ ያለ ኢንሹራንስ ቢጨምር ጥሩ ነው።

ሰማዩ ሲዘጋ

ሰኔ 16 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ኢራን አል ኡደይድን በሚሳይል መታች። አል ኡደይድ ከዶሃ በስተደቡብ ምዕራብ ያለ፣ የአሜሪካ ጦር የሰፈረበት የአየር ኃይል ጣቢያ ነው። ኳታር ከጥቃቱ ቀደም ብላ የአየር ክልሏን ዘግታ ነበር፤ የከፈተችው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነው። ሰው አልሞተም፤ ግን ወደ ዶሃ ይበሩ የነበሩ አውሮፕላኖች ወደ ሌላ አገር እንዲያርፉ ተደረገ፣ ሐማድ አየር ማረፊያም መሄጃ ባጣ ሰው ተጨናነቀ። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ጳጉሜን 4፣ እስራኤል የሐማስ አመራሮችን ዒላማ አድርጋ ዶሃ ውስጥ የመኖሪያ ሰፈር ደበደበች። ከሞቱት አንዱ የኳታር የጸጥታ ባልደረባ ነበር።

ይህን የምጽፈው እንዳትሄዱ ብዬ አይደለም። ከተማዋ በሁለቱም ጊዜ በፍጥነት ወደ ሥራዋ ተመልሳለች። ግን ከዚያ በኋላ «ዶሃ ምንም አይነካትም» ብሎ ማቀድ አይቻልም።

ካርታ ክፈቱና እዩ። ኳታር በሦስት በኩል ባሕር ነው። በየብስ የምትዋሰነው ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር ብቻ ነው፣ መውጫውም አንድ ነው፦ አቡ ሳምራ። ከዶሃ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይርቃል፣ የሳልዋ መንገድ ቀጥ አድርጎ ይወስዳችኋል። ኬላውን ለማለፍ ግን የሳዑዲ ቪዛ ያስፈልጋል። በችግር ቀን ቪዛ አገኛለሁ ማለት ዘበት ነው። በየወሩ የምትመላለሱና የሳዑዲ ደንበኛ ያላችሁ ከሆነ ቪዛውን አስቀድማችሁ አውጡ፤ ለሥራም ለመውጫም ያገለግላችኋል። የተከራያችሁትን መኪና ይዛችሁ ድንበር ለመሻገር የአከራዩ ፈቃድ እንደሚያስፈልግም እወቁ።

የየብሱ መንገድም ሊዘጋ ይችላል። በግንቦት 2009 መጨረሻ ሳዑዲ፣ ኤምሬቶች፣ ባሕሬንና ግብፅ ከኳታር ጋር ያላቸውን ግንኙነት ሲያቋርጡ አቡ ሳምራ ተዘግቶ እስከ ታኅሣሥ 2013 መጨረሻ ቆይቷል። ሦስት ዓመት ተኩል!

ስለዚህ ለአብዛኞቻችን ትክክለኛው ዕቅድ መቆየት ነው። ካሰባችሁት ጊዜ በላይ ለ7 ቀን የሚበቃ መድኃኒት፣ ለ7 ቀን የሆቴልና የምግብ ገንዘብ፣ ከዚያም በላይ ጊዜ ያለው ቪዛ ይኑራችሁ። ገንዘቡ ሁለት ቦታ ይቀመጥ፣ ካርዱም ሁለት ይሁን። ቀኑን መቀየር የሚቻል ትኬት ቁረጡ፤ ትንሽ ይወደዳል፣ ግን በዚህ ላይ አትቆጥቡ። በረራ ተሰረዘ ሲባል ሻንጣ ይዛችሁ ወደ አየር ማረፊያ አትሩጡ። የተረጋገጠ መቀመጫ ሳይኖር እዚያ መሄድ ወለል ላይ ማደር ነው። ሆቴላችሁ ሆናችሁ የአየር መንገዱን መተግበሪያና ስልክ ሞክሩ፣ ክፍሉንም ቶሎ ብላችሁ ለተጨማሪ ቀን አስይዙ፤ ያን ሰዓት ሌላውም ክፍል ይፈልጋል።

ፍንዳታ ከሰማችሁ ወይም ስልካችሁ ላይ የአደጋ ማስጠንቀቂያ ከመጣ ከመስኮት ራቁ። የሕንፃው ውስጠኛ ኮሪደር ወይም ደረጃ ላይ ሁኑ። አሳንሰር አትጠቀሙ። ጣሪያ ላይ ወይም በረንዳ ላይ ወጥታችሁ አትቅረጹ። ሚሳይል አየር ላይ ሲመታ ስብርባሪው ይወርዳል። ሌላው ምክንያት ደግሞ ሕግ ነው። የጸጥታ ተቋም ወይም ወታደራዊ እንቅስቃሴ መቅረጽ ያሳስራል፤ የሕዝብን ስሜት የሚያነሳሳ ሐሰተኛ ወሬ ማሰራጨትም በ2012 በተጨመረው ድንጋጌ እስከ 5 ዓመት እስራት ያስፈርዳል። ለቤተሰብ «ደህና ነኝ» ብላችሁ ላኩ፣ ይበቃል። የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴርንና የኳታር ዜና አገልግሎትን ተከታተሉ፤ ከቴሌግራም የመጣ ቪዲዮ ሼር አታድርጉ።

ሆቴልና መንገድ

ሆቴል ስትመርጡ ከዋጋው ቀጥሎ ማየት ያለባችሁ ከሜትሮ ጣቢያ ያለውን ርቀት ነው። ቀዩ መስመር ከሐማድ አየር ማረፊያ ተነስቶ ምሸይረብ ይደርሳል፤ ምሸይረብ ሦስቱም መስመሮች የሚገናኙበት ነው፣ ሱቅ ዋቂፍ የሚባለው ገበያም አጠገቡ ነው። የአንድ ጉዞ ዋጋ 2 ሪያል ነው። መንገድ ሲጨናነቅ ሜትሮ ያላችሁ ሰዎች ናችሁ ቀድማችሁ የምትደርሱት። ወንድ ብቻውን ከሆነ ለቤተሰብ የተለየው ፉርጎ ውስጥ አይገባም።

ክፍላችሁ ከ3ኛ እስከ 7ኛ ፎቅ ቢሆን ይመረጣል፤ ከመንገድ በቀላሉ አይደረስበትም፣ የእሳት አደጋ መሰላል ግን ይደርስበታል። ገና ሻንጣ ሳትከፍቱ ከክፍላችሁ እስከ አደጋ ጊዜ ደረጃው ስንት በር እንዳለ ቁጠሩ። ጭስ ሲሞላ ዓይን አያይም፣ በእጅ ዳብሶ ነው የሚኬደው። እኔ ይህን ሁሌ አደርጋለሁ፣ አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

መኪና መንዳቱን ለመጀመሪያ ጉዞ ተዉት። በሰፊው መንገድ ላይ ላንድ ክሩዘሮቹ ከኋላ መብራት እያበሩ ነው የሚመጡት፤ አደባባዩን የማያውቅ ሰው ይደናገጣል። ካርዋ ታክሲና ኡበር አሉ፤ ታርጋውን አይታችሁ ግቡ። አየር ማረፊያ በር ላይ «ታክሲ፣ ታክሲ» የሚል የግል መኪና ውስጥ አትግቡ። መንዳት ግድ ከሆነ ደግሞ አንድ ብርጭቆ ጠጥቶ መንዳት የለም፣ ቀልድ የለም። አደጋ ከደረሰና ሰው ከተጎዳ ከቦታው አትሂዱ፣ 999 ደውሉ።

ሙቀቱንም እንደ ጸጥታ ጉዳይ ቁጠሩት። በበጋቸው ከ40 ዲግሪ በላይ የተለመደ ነው። ኳታር ራሷ ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 5 ድረስ፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ተኩል፣ ደጅ ፀሐይ ላይ ሠራተኛ ማሠራትን ትከለክላለች። እናንተም በዚያ ሰዓት ሳይት ጉብኝት አትያዙ። «ቅርብ ነው በእግር እንሂድ» የሚለውን እርሱት።

ፊርማ፣ ቼክና ፓስፖርት

እኔ ከሁሉ በላይ የምፈራው ይህን ክፍል ነው፣ ስለዚህ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ኳታር ውስጥ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ወንጀል ነው፣ ያሳስራል። ችግሩ ገበያው ላይ «የዋስትና ቼክ» የሚባል ልማድ አለ። «ባንክ አላስገባውም፣ ለመተማመኛ ብቻ ነው» ይሏችኋል። የማውቀው አንድ ነጋዴ በዚህ ቃል አምኖ ቀን ያልተጻፈበት ቼክ ፈርሞ ሰጠ። በዕቃው ጥራት ሲጣሉ ቼኩ ባንክ ገባ። እሱ የሰማው ሊወጣ ፓስፖርት መስኮት ላይ ሲቆም ነው፤ የጉዞ እገዳ ወጥቶበታል። ከዚያ በኋላ የዕቃው ጥራት ተረሳ፣ ነገሩ ሁሉ ቼክ ሆነ። ጉዳዩን ለመጨረስ የቆየበት ጊዜ ከዕቃው ዋጋ በላይ አስከፈለው።

ስለዚህ የዋስትና ቼክ አትስጡ። ለሌላ ሰው ዕዳም ዋስ አትሁኑ። ዋስትና ግድ ከሆነ በባንክ በኩል የሚሰጥ የዋስትና ደብዳቤ ወይም ሌተር ኦፍ ክሬዲት ይሁን።

ውል ስትፈርሙ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ ዓረብኛ መሆኑን አስቡ። በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ውል ላይ ልዩነት ከተፈጠረ የሚሠራው አብዛኛውን ጊዜ የዓረብኛው ነው። የጋባዣችሁ ጸሐፊ በቃል የምትተረጉምላችሁን አትመኑ፤ የራሳችሁ ሕጋዊ ተርጓሚ ያንብበው። «ዛሬ ካልፈረምክ ዕድሉ ያመልጥሃል» ካሏችሁ ይምለጥ።

ድርጅቱ በእርግጥ ያለ መሆኑን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። የንግድ ምዝገባ ቁጥራቸውን ጠይቁ፣ ንግድና ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ላይ ያለው ስም ከውሉ ስም ጋር አንድ መሆኑን እዩ። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተቀይሯል የሚል ኢሜይል ከመጣ ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውላችሁ፣ የምታውቁትን ድምፅ ሰምታችሁ ብቻ ክፈሉ። የመጀመሪያው ስብሰባ ቢሮ ወይም ሆቴል ሎቢ ይሁን፤ ማንነቱን የማታውቁት ሰው አፓርታማ ድረስ አትሂዱ።

ፓስፖርታችሁን ለማንም በመያዣነት አትስጡ። ሆቴል ኮፒ አድርጎ ይመልሳል። «ለቪዛ ማራዘሚያ እኛ ጋ ይቀመጥ» የሚል ካለ አብራችሁት ሂዱ እንጂ ፓስፖርቱን ብቻውን አትላኩ። አሠሪ እንኳን የሠራተኛውን ፓስፖርት እንዳይዝ በኳታር ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሸሪክ ነኝ ባይ ደግሞ ጭራሽ ምን አግብቶት?

ስልክና አንደበት

ሲም ካርድ ከኦሬዱ ወይም ከቮዳፎን በፓስፖርታችሁ ነው የምታወጡት፤ ስለዚህ ስልኩ እናንተ ናችሁ ማለት ነው። ለሌላ ሰው አውጥታችሁ አትስጡ። ላፕቶፕ ላይ ለዚህ ጉዞ የማያስፈልግ ፋይል አትጫኑ። የሆቴል ዋይፋይ ላይ ባንክ አትክፈቱ፣ በራሳችሁ ዳታ ተጠቀሙ።

ሰው ሲናደድ የሚወረውረው ስድብ፣ በዋትስአፕም ቢሆን፣ በእጅ ምልክትም ቢሆን፣ ክስ ያስከትላል። ሰውን ሳያስፈቅዱ ፎቶ ማንሳትም እንዲሁ። ገበያ ውስጥ የዕቃ ፎቶ ስታነሱ ከኋላ ሴቶችና ቤተሰብ እንዳይገቡ ተጠንቀቁ።

ሌላው የእኛው ጉዳይ ነው። ሎቢ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ «ከዚህ ዋጋ በታች አንወርድም» እያላችሁ በአማርኛ አትማከሩ። ዶሃ ውስጥ አማርኛ የሚሰማ ብዙ ነው፤ ቡና የምታቀርበው ልጅ፣ በር የሚከፍተው፣ ታክሲ የሚነዳው ሐበሻ ሊሆን ይችላል። ተዋወቋቸው፣ ሰላም በሏቸው፣ ስለ ከተማው ጠይቋቸው፤ እነሱን የሚያህል መረጃ የለም። ግን የእናንተ ጣጣ ውስጥ አታስገቧቸው። የመኖሪያ ፈቃዳቸው በአሠሪያቸው በኩል ነው፤ ለእናንተ ብለው በሚሠሩት ስህተት እንጀራቸው ይሄዳል።

ከተያዛችሁ

አትጨቃጨቁ፣ አትሩጡ፣ ገንዘብ እንዳታቀርቡ። «ኤምባሲዬን አሳውቁልኝ፣ ተርጓሚ እፈልጋለሁ» በሉ። ያላነበባችሁትን የዓረብኛ ወረቀት አትፈርሙ። ከዚያ በኋላ አገር ቤት ያለው ሰው በወረቀቱ መሠረት ሥራውን ይሠራል።

ለሴት ተጓዦች አንድ ከባድ ነገር ልንገራችሁ። ከጋብቻ ውጭ የሚደረግ ግንኙነት ኳታር ውስጥ ወንጀል ነው። በዚህ ምክንያት የፆታ ጥቃት የደረሰባት ሴት ስታመለክት ጉዳዩ ወደ እሷ ሊጠመዘዝ የሚችልበት አጋጣሚ አለ። እንዲህ ያለ ነገር ከደረሰ መጀመሪያ ሕይወትሽንና ጤናሽን አስቀድሚ፤ ከዚያ ለፖሊስ ቃል ከመስጠትሽ በፊት ለኤምባሲውና ለጠበቃ ደውዪ። ጠበቃ በዚያን ቀን ተፈልጎ አይገኝም፤ የአንድ እንግሊዝኛ የሚናገር ጠበቃ ስልክ ከመሄድሽ በፊት ወረቀቱ ላይ ይኑር። ለወንዶቹም ይጠቅማል።

ከመውጣታችሁ አንድ ቀን በፊት

ያልተከፈለ ነገር እንዳይቀር አጣሩ። የሆቴል ሒሳብ፣ የመኪና ኪራይ፣ የፍጥነት ካሜራ ቅጣት፣ የክሊኒክ ክፍያ። የተከራያችሁት መኪና ላይ ቅጣት መኖሩን አከራዩ እንዲያይላችሁ ጠይቁ፣ ደረሰኙን ያዙ። የቪዛችሁን የመጨረሻ ቀን በድጋሚ እዩ፤ ያለፈ ቀን ሁሉ ቅጣት ይቆጥራል። የሰጣችሁት የሰነድ ኦሪጅናል ካለ ተቀበሉ።

ስትደርሱ ደውሉ። ከዚያ ያቺን ወረቀት ከሰውየው ተቀብላችሁ ቅደዷት፤ የፓስፖርታችሁ ኮፒ አለባት።